ኪታራው የተቃኘበት ቀን

በዚያ የገበያ ቀን ጋራዡ ደጃፍ የነበርነው ሰዎች እነዚህ ነን። አንደኛው አዝማሪው አያ ተገኘ ነው። ሁለተኛው ጂኖ የሚባለው ጣሊያን፣ የካሚዮን ነጂ። ሦስተኛው የጋራዡ ዘበኛ ካሳ፣ ያገራችን ልጅ ሆኖ ለጣሊያን ያደረ። አራተኛዋ ዕንቁላል ሻጯ ብርቄ፤ የቆየችው ጥቂት ነው፣ ዕንቁላሏን አስረክባ፣ አንዲት ነገር ጠይቃ ሄደች። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የወይራ እንጨት በካራ እፍቅ ነበር። ሌላ ሰው ካለ አላስታውስም።

ይህን ያስታወሰኝ የልጅ ልጄ ናሆም ነው። ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ሲመጣ፣ የጠመንጃ አፎት የሚመስል ረዥም ጥቁር ቦርሳ አንግቶ ገባ። ዝናብ ነበር፤ ምድጃ ዳር ተሰብስበን ቅቅል ድንች በአዋዜ እንበላለን። ቦርሳውን ሲከፍተው ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሆዱ ያልተቦረቦረ ጊታር ተኝቶበታል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። አባቱ፣ ማለት ልጄ አስናቀ፣ ዋጋውን ሲሰማ የላጠውን ድንች መልሶ ሣህኑ ላይ አስቀመጠው።

«በዚህ ገንዘብ እኮ ሰው ቤት ይሠራበታል!» አለ።

«ርካሽም አለ አባዬ። ርካሹ ግን አይዝም።»

«ምኑን ነው የማይዘው?»

«ቅኝቱን። ዘፈኑ መሐል ላይ ይለቅብሃል። ይኼ ግን አንዴ ከተቃኘ ተቃኘ ነው።»

ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። በወጣትነቴ ክራርና ማሲንቆ እሠራ ስለ ነበር፣ በቤታችን የእንጨት ነገር ዳኛው እኔ ነኝ። «አባባ፣ አንቱ ይፍረዱ» አለ ናሆም። «ዋጋውን ያወጣል ወይስ አያወጣም?»

መነጽሬን አድርጌ መረመርሁት። አንገቱ ከሆዱ የተጋጠመበት ቦታ ጥፍር አያስገባም። አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ጫፋቸው ተሞርዷል፤ ጣት አይቧጥጡም። መቃኛዎቹ ሲዞሩ ቅቤ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ፤ ስታቆማቸው ግን ይቆማሉ፣ ወደ ኋላ አይሉም። ራሱ ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈው ስም ለብቻው ምን ያህል እንደሚያስከፍል ጠየቅሁት። ናሆም ሳቀ። «ግማሹ የስሙ ነው አባባ» አለ። እውነተኛ ልጅ ነው።

ለመፍረድ ይህ ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን «አንዴ ከተቃኘ ተቃኘ ነው» ያለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀርቶ፣ ድንቹ በእጄ እንዳለ ቀዘቀዘ። «ፍርዱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ» ብዬ ተነሣሁ።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። ከተማው የእሱ፣ ጉና የአርበኞቹ፤ በመሐል ያለው አገር ደግሞ ጠዋት የአንዱ፣ ማታ የሌላው። እኔ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ገደማ ይሆነኛል። አጎቴ ቤት ከተማ ተቀምጬ እንጨት እሠራለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ የተሰበረ ማሲንቆ አግኝቼ፣ ፈትቼ፣ እያንዳንዱን ክፍል በጭራሮ እየለካሁ፣ አምሳያውን ሠርቼ ገጠምሁት፤ ትምህርቴ ያ ነበር። ፊደልም የለየሁት እንደዚያው፣ ከሰው ጀርባ ቆሜ እያየሁ ነው። ብዙ አልናገርም። አንድ ነገር በእጄ ከያዝሁ እስኪጥም ድረስ አለቀውም፤ አጎቴ «ይኼ ልጅ ጠጠርም ቢሰጡት ፈጭቶ ያልመዋል» ይል ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ሞላ የእኔ ተቃራኒ ነው። ሳቂታ፣ ተናጋሪ፣ እግሩ ቤት የማይቀመጥ። እሱ ጉና ከአርበኞቹ ጋር ነበር፤ ሥራው እህል ማመላለስ ነው። ጉና ብርድ ነው፤ ገብስና ድንች እንጂ ሌላ አያበቅልም፣ በዚያ ዓመት ደግሞ ገብሱን በረዶ መትቶት ነበር። ስለዚህ ሞላ ወደ እብናት እየወረደ ማሽላና ጤፍ በአህያ ያስጭናል። ሲመለስ ከከተማው በስተ ምሥራቅ፣ ወደ ጋይንት የሚወጣውን የመኪና መንገድ ማቋረጥ ግዱ ነው። ቦታው ገላጣ ነው። አህያ እየነዱ ገላጣ ላይ መኪና ከደረሰባቸው መድረሻ የላቸውም። የወንድሜም የባልንጀሮቹም ነፍስ በየገበያው ቀን በዚያች መንገድ ላይ ነበረች።

መንገዱን የሚጠብቅላቸው አያ ተገኘ ነው። ይህን እኔ ያወቅሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ ለአንባቢ ግን አሁን ልንገረው። አዝማሪ የማይገባበት ደጅ የለም። ጋራዡ ከከተማው ምሥራቅ ጫፍ ላይ ስለ ሆነ፣ ወደ ጋይንት የሚሄድ ካሚዮን ሁሉ በደጃፉ ያልፋል። አያ ተገኘ በየገበያው ቀን ጠዋት እዚያ ተቀምጦ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ለነጂዎቹ ይጫወታል። ሰይድ የሚባል የጨው ነጋዴ በዚያ ሲያልፍ ይጠይቀዋል፦ «ማሲንቆው ተቃኝቷል?»

መንገዱ ነፃ ከሆነ «ተቃኝቷል» ይላል። ወታደር የጫነ መኪና ወጥቶ ያልተመለሰ እንደ ሆነ «ገና ነው፣ ጭራው ላልቷል» ይላል። ሰይድ ያንኑ ይዞ ሞላ ወደሚጠብቅበት ሸለቆ ይወርዳል። ቃሉን የመረጠው አያ ተገኘ ራሱ ነው አሉ። ማሲንቆም ይቃኛል፣ መንገድም ይቃኛል፤ ዘበኛ አጠገባቸው ቆሞ ቢሰማ ምን ይጠረጥራል? እንዲህ ያለው ነገር ከአዝማሪ ራስ እንጂ ከወታደር ራስ አይወጣም።

ይህ ሲሠራ ቆይቶ ጂኖ ኪታራውን ይዞ መጣ፤ ጣሊያኖች ጊታርን የሚሉት እንደዚያ ነው።

ጂኖ ቀጭን፣ ጥርሱ የሚያመው፣ ካሚዮኑ ሥር ተኝቶ ብቻውን የሚያወራ ሰው ነበር። አንድ ቀን ሥራ ፈትቶ የጎማ ክምር ላይ ተቀመጠና ኪታራውን ነካ ነካ አደረገው። ዛሬ ሁሉም ሰው በሬዲዮ የሰማው ድምፅ ስለ ሆነ አይገርምም። ያን ጊዜ ግን እኛ የምናውቀው የማሲንቆን አንድ ጭራ፣ የክራርን ጅማት ነው። የዚህ የብረት ነበር፤ ሲነካ ቶሎ አይሞትም፣ አየር ላይ ቆይቶ እየቀጠነ ይሄዳል። ስድስቱ አብረው ሲመቱ፣ አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር ሆኖ የሚናገር ይመስላል። አያ ተገኘ ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ አፉን ከፍቶ ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አልሰማም ማለት ይቻላል።

ጂኖ በገንዘብ አልሸጥም አለ። የሚፈልገው በቅሎዋን ነበር። አያ ተገኘ አንድ ባላባት ሰርግ ላይ የሸለሙት ሰጋር በቅሎ ነበረችው፤ ስትሄድ ውኃ በጽዋ ይዘህ አይፈስም። የጂኖ አለቃ በቅሎ ወዳጅ ስለ ነበር፣ ጂኖ እሷን ሰጥቶት ፈቃድ አግኝቶ አገሩ ሊገባ አስቧል። ኪታራው ደግሞ እንከን ነበረበት። ከስድስቱ መቃኛዎች የአንዱ ብረት ጥርሱ አልቆ ነበርና፣ ያ ጅማት ሲወጠር መልሶ ይረግባል። ለአያ ተገኘ ነገርሁት። «አያ ተገኘ፣ ይኼ እኮ አይዝም» አልሁት።

«አንተ ትሠራዋለሃ!» አለኝ። በቅሎዋን ሰጠ።

ሚስቱ እናና ኪታራውን ስታይ የተናገረችው በከተማው ሁሉ ተወርቷል።

«ተገኘ፣ በቅሎዋ የት አለች?»

«ይችውና።»

«ይኼ ይጭናል?»

«አይጭንም፤ ግን ገብስም አይበላም።»

«እሰይ! እንግዲህ እኔንም አንድ ቀን በዋሽንት ትለውጠኛለህ!»

እሱ ግን ለሚስቱም ለሰፈሩም መልሱን በግጥም ሰጠ፦

እግሬ ይልመድ እንጂ መሄድ ያለ ኮርቻ፣
ከእንግዲህ በቅሎ ላይ ጆሮዬ ነው ብቻ።

ሰው ሳቀ፤ ነገር ግን አልለቀቀውም። ኪታራው በጣሊያን ቅኝት የመጣ ነው፤ አያ ተገኘ ደግሞ ትዝታ ካልተጫወተበት ምን ያደርግለታል? ጅማቶቹን እያላላ እያጠበቀ አምስቱን እንደምንም አስማማ። ስድስተኛው፣ መቃኛው የተበላሸው፣ ግጥሙ መሐል ሳይደርስ ይለቃል። ገበያ ለገበያ ሰዉ መሳለቂያ አደረገው። ሽንኩርት ሻጭ «አያ ተገኘ፣ ተቃኝቷል?» ትለዋለች። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ቄስ «ተቃኘ ወይስ አልተቃኘም?» ይላል። ካሳ ዘበኛው ደግሞ፣ «በቅሎዋ ስታናፋ እንኳ ቅኝቷን አትለቅም ነበር!» እያለ ያስቃል። ተቃኝቷል የሚለው ቃል እንደ ሰላምታ በየአፉ ተዘራ። ያን ጊዜ ማናችንም አላስተዋልንም እንጂ፣ ቃሉ ያን ጊዜ ተበላሸ። አንድ ሰው ብቻ የሚጠይቀው ጥያቄ ነበር፤ የሁሉም ሆነ።

እኔ ለመቃኛው ብረት ስላላገኘሁ በወይራ እሠራው ነበር። የመጀመሪያው ሰነጠቀ። ሌላውን በጭስ አድርቄ ሳስገባው ደህና፣ ሲወጠር ይንሸራተታል። በቀዳዳውና በእንጨቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለማጥበብ ብዙ ጊዜ ፈጀሁ። አያ ተገኘ ከአጠገቤ አይለይም። ማሲንቆው ቤቱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ሸረሪት አድርቶበታል ብላ እናና ነግራኛለች።

ኅዳር ነበር። የገብስ አጨዳ ስለ ደረሰ ገበያው ዘግይቶ የሚቆም፣ ጠዋቱ የሚቆረጥም ብርድ፤ ጭድና ባሕር ዛፍ ይሸታል። ጋራዡ ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ ሁለት ካሚዮኖች ወታደር ሞልተው ወደ ጋይንት ወጡ። አቧራው እላያችን ላይ ተከደነ። አያ ተገኘ ቀና ብሎ አያቸው። «ዛሬስ የጫኑት ሰው ነው» አለ። ይህን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ስለዚህ አላየም አይባልም። አይቷል። ከዚያ አቧራውን ከኪታራው ላይ በነጠላው ጫፍ ጠርጎ፣ «እስቲ አሁን ሞክረው» አለኝ።

ያን ቀን ለማሲንቆ ደጋን ጭራ የሚቀባውን ሙጫ ፈጭቼ ይዤ ነበር። መቃኛውን አውጥቼ ዱቄቱን አልብሼ መልሼ ከተትሁት። አያ ተገኘ ጅማቱን አጠበቀ። ጆሮውን አስጠግቶ ጠበቀ። አልረገበም። አንድ ግጥም ተጫወተ፤ አልረገበም። ሌላ ደገመ። ስድስቱም በትዝታ ቅኝት ቀጥ ብለው ቆሙ። ጂኖ ከካሚዮኑ ሥር በጀርባው ተስቦ ወጥቶ «ብራቮ!» አለ። ካሳም ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ «እስቲ ካሳዬ እያልህ ግጠምልኝ» አለ። እኔ ስለ ሙያዬ ሰው ፊት ደስ ብሎኝ የሣቅሁት ያን ቀን ነው። በዕድሜዬ ብዙ ዕቃ ሠርቻለሁ፣ እንደዚያች ቁራጭ ወይራ ግን የኮራሁበት የለም።

ብርቄ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። በየገበያው ቀን ለጋራዡ ሰዎች ዕንቁላል ታመጣለች፤ አዲስ ነገር አይደለም። እኛ የማናውቀው፣ ሰይድ እብናት ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት እንደ ተኛና ጥያቄውን በእሷ እንደ ላከ ነው። ዕንቁላሉን ለካሳ አስረከበች። ቅርጫቷን አነሣች። ልትሄድ ዘወር ካለች በኋላ፣ እንደ ዋዛ፣ አዝማሪውን ጠየቀችው።

«ተቃኝቷል!» አለ አያ ተገኘ። ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። «አንቺ፣ ተቃኝቷል!»

ብርቄ አልሄደችም። ካሳን አየት አደረገችና ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «እርግጥ ተቃኝቷል?» አለች።

«ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ተቃኝቷል! ሂጂና ለሁሉም ንገሪ!»

ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጉና ወደ መንገዱ ወረደ። እኛ እዚያው ነበርን። ካሳ ዕንቁላል ቀቅሎ ለሁላችን አድሎ፣ በጨው እየነከርን እንበላለን። በስተ ምሥራቅ ተኩስ ተሰማ። መጀመሪያ ነጠላ ነጠላ፣ ቀጥሎ እንደ ቆሎ። ካሳ ዘሎ ጠመንጃውን አነሣ። ጂኖ ወደ ጋራዡ ገባ። አያ ተገኘ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ እጁ ጅማቱ ላይ ነበር፣ እዚያው ቀረ።

«ብርቄ ምን ብላ ነው የጠየቀችኝ?» አለኝ።

«መቼ?»

«ጠዋት ነዋ! ምን ብላ?»

«ተቃኝቷል ወይ ብላ።»

«ምኑ? ምኑ ተቃኝቷል ነው ያለችው?»

አላስታወስሁም። ለምን እንደሚጠይቀኝም አልገባኝም። «ኪታራው ይሆናላ፣ ሌላ ምን አለ?» አልሁት። አያ ተገኘ ኪታራውን እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስተኛው። ተነሥቶም ነጠላውን ሳያነሣ ወደ ተኩሱ መራመድ ጀመረ። መራመዱ ሩጫ ሆነ። ጉሙ ዋጠው።

ካሚዮኖቹ ከጋይንት ሲመለሱ አህዮቹን መንገዱ መሐል አግኝተዋቸው ነበር። ሞላ ወደቀ። አብሮት የሚነዳው የእብናት ሰውም ወደቀ። ሌሎቹ ገደል ገብተው አመለጡ። ጤፉ መንገዱ ላይ ፈስሶ፣ በማግሥቱ ወፎች ሲለቅሙት አይቻለሁ።

ለቅሶው ከጉና ሥር፣ እናታችን ቤት ነበር። ሰይድ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ንዳዱ እያንቀጠቀጠው፣ በበቅሎ ተጭኖ መጣ። ነገሩን ለእናቴና ለእኔ የነገረን እሱ ነው። ብርቄ አጠገቡ ተቀምጣ መሬቱን በጣቷ ትጭራለች። «ያስጠኑኝን ነው የጠየቅሁት፤ ማሲንቆው ተቃኝቷል ብዬ ነው የጠየቅሁት» አለች።

አያ ተገኘ በሦስተኛው ቀን መጣ። ትልቅ ድንጋይ በአንድ እጁ ደግፎ ማጅራቱ ላይ ተሸክሟል፤ በደል ያለበት ሰው ዕርቅ ሲለምን እንደሚያደርገው። ኪታራውን በሌላ እጁ ይዟል። ወደ ዳሱ ሲገባ ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። እናቴ እግር ሥር ተንበርክኮ ኪታራውን አስቀመጠ።

«እሜቴ፣ ያለኝ ይኼ ነው። ይስበሩት፣ ያንድዱት።»

እናቴ ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት አብጧል። ኪታራውን ብዙ አየችው። እጇን ሰድዳም አንዱን ጅማት በጣቷ ነካች። ድምፁ ወጥቶ ዳሱ ውስጥ ቆየ።

«በቅሎዋን የሰጠህበት ይኼ ነው?»

«አዎ፣ እሜቴ።»

«ለመሆኑ ድምፁ ያምራል?»

ሴቶቹ አጉረመረሙ። ሰው ነገሯ አልገባውም። አያ ተገኘ ድንጋዩ እንዳጎነበሰው መሬት መሬቱን አየ።

«ጠየቅሁህ እኮ፣ ተገኘ።»

«ያምራል፣ እሜቴ።»

«እንግዲያው ልስማው።»

ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ እንደ ያዘ መጫወት አይችልም፤ አጠገቡ የነበሩ ሽማግሌ ተነሥተው አወረዱለት። ኪታራውን አነሣ። እኔ በልቤ ጅማቱ እንዲረግብ ለመንሁ። እጄ የሠራው ነገር እንዲበላሽ የተመኘሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አልረገበም። በጉና ብርድ፣ በዚያ ሁሉ መንገድ ተንገላትቶ፣ አንዷም ጅማት አልላላችም። አያ ተገኘ ጥቂት ነካ ነካ አደረገና እንዲህ አለ፦

ጅማት ስቃኝ ውዬ መንገድ ሳልቃኝለት፣
ድምፁ ሞላ ብዬ ሞላን አጎደልሁት።

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁም። በማሲንቆ ቢሆን ሙሾ ነው፣ እናውቀዋለን፣ እናለቅሳለን። ይህ ግን ከማናውቀው ቦታ መጣብን። የሚቆጨኝም ያ ነው፤ ማማሩ። አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ ስንረግመው እንኖር ነበር።

እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ መልሳ፣ «ይዘኸው ሂድ» አለችው። «እኔ የጎደለኝ እንጨት አይደለም።»

ይዞት ሄደ። በቅሎ የለውም፣ ማሲንቆውም ምሰሶው ላይ ደርቆ ተሰንጥቆ ነበርና፣ እንጀራው በኪታራው ላይ ቀረ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ዝናው ጋይንት ድረስ ተሰማ፤ ለሰርግ በቅሎ እየላኩ ይወስዱት ነበር። በዋጋ ካሰብነው ኪታራው የበቅሎዋን ዋጋ ደጋግሞ ከፍሏል። ግን ሰው ፊት አይቃኝም። ከቤት ጀርባ፣ ወይም እርሻ ዳር ብቻውን ሄዶ ቃኝቶ ይመለሳል። ሰርገኛው መሐል አንድ የማያውቅ ሰው «ተቃኝቷል?» ካለው፣ ኪታራውን በነጠላው ይጠቀልልና ይወጣል። ተለምኖም አይመለስም።

ብርቄ ዕንቁላል መሸጥ ተወች። ሰው አዝማሪውን ይቅር ብሎ እሷን ሳይል ቀረ። አዝማሪው ግጥም ነበረው፣ እሷ ምንም አልነበራትም። እስክትሞት ድረስ «ማሲንቆው ብዬ ነው የጠየቅሁት» እንዳለች ነው። እሱም እስኪሞት ድረስ «ኪታራው ነው ያለችኝ፤ ማሲንቆ ብትል እነቃ ነበር» እንዳለ ነው። ሁለቱም እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር። የዕቃ ልክ፣ የእንጨት ዓይነት፣ የሰው አነጋገር ከነቃናው የማስታውስ እኔ፣ ከአያ ተገኘ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጬ ያቺን አንዲት ቃል አልሰማሁም። ጆሮዬ መቃኛው ላይ ነበር።

ትናንት ናሆምን ጠራሁት። ለዕቃው የሚገባውን ነገርሁት፤ እንጨቱና መቃኛው ዋጋቸውን ያወጣሉ፣ የወርቁ ቀለም አያወጣም፣ በሚቀጥለው ስም የሌለበትን ፈልግ አልሁት። አባቱም በዚህ ረካ። ያልነገርኋቸውን እዚህ ልጻፈው፦ መልካም ዕቃ ከገንዘቡ ሌላ የሚወስደው አለ፣ እሱም ጆሮህን ነው። መጥፎ ክራር ጆሮህን ስለማይዝ ጎረቤትህን ትሰማለህ፤ ጥሩው ግን ራሱን ብቻ ያሰማሃል። ይህ ዋጋ ሲገዙት አይታወቅም፤ ከፋዩም ገዢው ላይሆን ይችላል።

ከአምስታችን የቀረሁ እኔ ይመስለኛል። ካሳ ልጆች ነበሩት፤ ቤት ውስጥ አውርቶላቸው ይሆናል። የብርቄ ልጅም ወደ ሐሙሲት ተድራለች ሲሉ ሰምቻለሁ። በዚያ ጠዋት ገበያ ሲሄድ በጋራዡ ደጃፍ ያለፈ፣ ቆም ብሎም ያዳመጠ ሰው ካለ፣ ወይም ካለፈ ሰው የሰማ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። የተሳሳትሁት ካለ አርሙኝ፤ የጎደለውን ሙሉልኝ። ከሁሉ በፊት ግን ይህችን ብቻ፦ ሴትዮዋ «ኪታራው» ነው ያለችው፣ ወይስ «ማሲንቆው»?